ዝናብ መለኪያው 41 አለ፣ ወንዙ 80 አወረደ፦ ማንን ልመን?

ጠብታ ቆጣሪ (ሰኞ፣ ጠዋት 3፡20)

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሣኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

የማጠናው ተፋሰስ 42 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ቁልቁለታም ነው፣ አፈሩም ስስ ነው። መውጫው ላይ የወንዙን ውሃ ከፍታ በየ5 ደቂቃው የሚመዘግብ ጣቢያ አለ። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ የጣለ ዝናብ ስድስት ሰዓት ያህል የቆየ ደራሽ ጎርፍ አስነሣ። በተፋሰሱ ውስጥ ያለው ዝናብ መለኪያ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም የተተከለው ከመውጫው አጠገብ፣ ታችኛው ጥግ ላይ ነው። የመዘገበው 41 ሚሊ ሜትር።

አሁን የወንዙን ሒሳብ እዩልኝ። ከወትሮው የወንዙ ውሃ በላይ ያለፈውን ጎርፍ ስደምር 3.36 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ሆነ። በተፋሰሱ ላይ እኩል ቢዘረጋ 80 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይኖረዋል ማለት ነው። ከሰማይ 41 ወርዶ በወንዝ 80 እንዴት ያልፋል? አፈሩ የጠጣውን፣ ቅጠሉ የያዘውን፣ ጉድጓድ ውስጥ የቀረውን ገና ሳንቆጥር!

አለቃዬ ደግሞ «በመለኪያው የተመዘገበው ይጻፍ፣ ሌላው ግምት ነው» ብሎኛል። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ከወንዙ ፍሰት ተነሥቶ የዘነበውን ዝናብ ወደ ኋላ ማስላት ይቻላል ወይስ ራሴን እያታለልሁ ነው?

---

ተጠራጣሪው (ሰኞ፣ 3፡55)

ከሁሉ አስቀድሞ ቀላሉን መርምር። የተፋሰሱን ወሰን በማን ካርታ ነው ያወጣኸው? 42 ያልኸው በእውነቱ 60 ቢሆን ኖሮ 80ው ወዲያው ወደ 56 ይወርድ ነበር። ከጎረቤት ሸለቆ በቦይ ተጠልፎ የሚመጣ ውሃስ የለም? ላይኛው በኩል የተደረመሰ ኩሬ ወይም ትንሽ ግድብስ? ሰው ሰማዩን ከመክሰሱ በፊት የራሱን ወረቀት ያያል።

---

ጠብታ ቆጣሪ (ሰኞ፣ 4፡30)

ወሰኑን በሁለት የተለያዩ የከፍታ ካርታዎች አውጥቼዋለሁ፤ ልዩነታቸው ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ቦይም ኩሬም የለም፤ በእግሬ ዞሬ አይቻለሁ።

---

የወንዝ ዳር ሽማግሌ (ሰኞ፣ 6፡10)

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ዘልለሃል። መሣሪያህ የሚለካው ከፍታን ነው፤ ፍሰትን አይለካም። ከፍታውን ወደ ሜትር ኩብ በሴኮንድ የቀየረልህ አንድ የሆነ ከርቭ ነው። ያ ከርቭ የተሠራው ሰው ወንዙ ውስጥ ገብቶ ወይም ድልድይ ላይ ቆሞ የውሃውን ፍጥነት በለካባቸው ቀናት ነው። እንግዲህ ንገረኝ፦ በእጅ የተለካው ከፍተኛው ውሃ ስንት ሜትር ላይ ነበር? ጎርፉስ የት ደረሰ? በደራሽ ጎርፍ ሌሊት መለኪያ ይዞ ወንዝ ውስጥ የሚገባ ጤነኛ ሰው የለም፤ ስለዚህ የከርቩ ላይኛው ጫፍ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ምኞት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ አለቃህ 41ን እንደ ጽላት መያዛቸው አያስኬድም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ትንንሽ ጎድጓዶቹ እየሞሉ በሚገለበጡበት መለኪያ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ጎድጓዱ በሚገለበጥባት ቅጽበት የሚወርደው ውሃ ሳይቆጠር ያመልጣል፤ ነፋስም ጠብታውን ከአፉ ላይ ጠርጎ ይወስዳል። ሁለቱም ወደ ታች ነው የሚያሳስቱት። ይሁን እንጂ 41ን 100 የሚያደርጉ ስሕተቶች አይደሉም። ዋናው ነገር ቦታው ነው። ደራሽ ጎርፍ የሚያመጣ ደመና እምብርቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ መለኪያህ የቆመው ምናልባት ጠርዙ ላይ ነው።

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1942 በፔንሲልቬንያ ስሜትፖርት አካባቢ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ 780 ሚሊ ሜትር ገደማ ዘነበ። ለዚያ የጊዜ ርዝመት እስከ ዛሬ በዓለም ክብረ ወሰንነት የሚጠቀሰው ይኸው ነው። ይህ ቁጥር የመጣው ከመደበኛ መለኪያ ሳይሆን፣ ባለሙያዎች ከጎርፉ በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ ውጭ ያደረ ዕቃ የያዘውን ውሃ ለክተው ነው። ይህን ነገር ቆይተን እንመለስበታለን።

---

ጠብታ ቆጣሪ (ሰኞ፣ 7፡05)

ጋሼ፣ አሁን መዝገቡን አየሁት፤ አፈርሁም። በእጅ የተለካው ከፍተኛው ከፍታ 1.4 ሜትር ነው። ጎርፉ የደረሰው 3.2 ሜትር። ከ1.4 በላይ ያለው ሁሉ ኮምፒውተሩ መስመሩን ቀጥ አድርጎ የቀጠለው ነው። የፍሰቱ ጫፍ 310 ሜትር ኩብ በሴኮንድ ያልሁትም ከዚያ የመጣ ነው።

---

ድልድይ ሠሪዋ (ሰኞ፣ 8፡40)

ማፈር አያስፈልግም ወንድሜ፤ በዓለም ላይ ካሉት የጎርፍ ቁጥሮች ስንቶቹ እንዲህ እንደ ተወለዱ ብታውቅ ትጽናና ነበር። መውጫ መንገዱ ግን አለ። ዝናብ ሳይደግምህ ሂድና የጎርፉን ምልክት ፈልግ፦ በዛፍ ግንድ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር፣ ቁጥቋጦ ላይ የተሰቀለ ገለባ፣ ግድግዳ ላይ ያለ እድፍ። ቀጥ ያለ፣ የማይሰፋና የማይጠብ የወንዝ ቁራጭ ምረጥ፤ ሦስት ወይም አራት ቦታ ላይ አቋርጠህ መስቀለኛ ቅርጹን ለካ። ከምልክቶቹ የውሃውን ገጽ ተዳፋት ታገኛለህ። ከዚያ አየርላንዳዊው መሐንዲስ ሮበርት ማኒንግ እ.ኤ.አ. በ1889 ባቀረበው ቀመር ፍጥነቱን ታወጣለህ፦ የሃይድሮሊክ ሬዲየስ (የመስቀለኛው ስፋት ውሃው ለሚነካው የወለልና የዳር ርዝመት ሲካፈል) ከሁለት ሦስተኛ ኃይል ጋር፣ ሲባዛ በተዳፋቱ ስኩዌር ሩት፣ ሲካፈል ለሻካራነት ቁጥሩ (ወለሉና ዳሩ ውሃውን ምን ያህል እንደሚያዘገዩት የሚገልጽ ቁጥር)።

ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ ግንድና ቆሻሻ ከዘጋው ድልድይ በላይ በኩል ያለ ምልክት አይሁን፤ እዚያ ውሃው የቆመ ነው፣ ከፍታው ይዋሻል። ሁለተኛ፣ ጎርፉ የወንዙን ወለል በጫፉ ሰዓት ቆፍሮት ሲጎድል መልሶ ሞልቶት ሊሆን ይችላል፤ ድንጋያማ ወለል ያለበትን ቦታ ምረጥ። ሦስተኛ፣ ያገኘኸውን ፍጥነት ከጥልቀቱ ጋር አነጻጽር። የፍሩድ ቁጥሩ (የውሃው ፍጥነት በዚያ ጥልቀት ማዕበል ከሚሄድበት ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር) ከ1 በጣም ከበለጠ የሻካራነት ቁጥርህን ዝቅ አድርገኸዋል ማለት ይሆናል። በገደላማ ወንዞች ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ፍሰቱን በማጋነን ነው።

---

ጠብታ ቆጣሪ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡15)

ሁለት ቀን ጭቃ ውስጥ ዋልሁ። ውጤቱ፦ የመስቀለኛው ስፋት 69 ካሬ ሜትር፣ ሃይድሮሊክ ሬዲየሱ 2.1 ሜትር፣ ተዳፋቱ 0.008። ወለሉ ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ ሻካራነቱን 0.045 ወሰድሁ። ፍጥነቱ 3.26 ሜትር በሴኮንድ፣ ፍሰቱ 225 ሜትር ኩብ በሴኮንድ ሆነ። የፍሩድ ቁጥሩ 0.7 ገደማ ስለሆነ ድልድይ ሠሪዋን አያስቆጣም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሻካራነቱን 20 በመቶ ወዲያና ወዲህ ባደርገው ፍሰቱ ከ188 እስከ 281 ይዘልቃል። በማንኛውም መንገድ ግን 310 አይደርስም። የከርቩን ላይኛ ጫፍ በ225 በኩል እንዲያልፍ አድርጌ ጎርፉን እንደገና ስደምረው 80 የነበረው 61 ሚሊ ሜትር ሆነ።

አሁንም 61 ከ41 ይበልጣል!

---

ቁጥር ወዳድ (ረቡዕ፣ 2፡00)

እንግዲህ የምትቆምበት መሬት አገኘህ። 225ቱን ከተቀበልን የተፋሰሱ አማካይ ዝናብ ከ61 ሊያንስ አይችልም። ይህ ሞዴል አይደለም፤ ግምትም አይደለም፤ የውሃ ሚዛን ነው። አለቃህ «ግምት» ሲሉህ ይህንን ንገራቸው፦ ግምቱ የሚጀምረው ከ61 በላይ ስንት እንደሆነ ስንጠይቅ ነው።

እዚያ ላይ መሬቱ የጠጣውን መመለስ አለብህ። ቀላሉ መንገድ የአሜሪካ የአፈር ጥበቃ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያወጣው የከርቭ ቁጥር ዘዴ ነው (ከወንዙ ከርቭ ጋር አይገናኝም፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መሬቱ የሚጠጣው ያንሳል)። ሰው ሁሉ ዝናብ አስገብቶ ጎርፍ ያወጣበታል፤ አንተ ገልብጠው። የዝናቡ መጠን የማይታወቅ ሲሆን ኳድራቲክ እኩልታ ይሆናል፤ በወረቀት ይፈታል። እኔ ለ61 ፈታሁልህ፦

የከርቭ ቁጥሩ 90 ከሆነ (መሬቱ ቀድሞ የራሰ ወይም የጠነከረ ከሆነ) ዝናቡ 88 ሚሊ ሜትር።
80 ከሆነ 113።
70 ከሆነ 139።

አየህ? ከወንዙ ፍሰት ስሕተት ይልቅ አሁን የሚያወዛውዝህ የአፈሩ ሁኔታ ነው። ከጎርፉ በፊት በነበሩት አምስት ቀናት ዘንቦ ነበር?

---

ጠብታ ቆጣሪ (ረቡዕ፣ 2፡20)

በአምስቱ ቀናት 9 ሚሊ ሜትር ብቻ። መሬቱ ደርቆም ርሶም አልነበረም። 80ን እይዛለሁ።

---

ገና ተማሪ (ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡45)

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ትምህርት ላይ ነኝ። ድምሩን ብቻ ለምን እንፈልጋለን? የወንዙ መዝገብ በየ5 ደቂቃው ካለ ዝናቡንም በየ5 ደቂቃው ማውጣት አይቻልም? ጄምስ ኪርችነር እ.ኤ.አ. በ2009 ዌልስ ውስጥ በፕሊንሊሞን ተፋሰሶች ላይ እንዲህ እንዳደረገ መምህራችን ነግሮን ነበር።

---

ቁጥር ወዳድ (ሐሙስ፣ 3፡30)

መምህራችሁ እውነቱን ነው። የኪርችነር ሐሳብ ውበቱ ቅለቱ ነው፦ ፍሰቱ በተፋሰሱ ውስጥ በተጠራቀመው ውሃ ብቻ የሚወሰን ከሆነ፣ ዝናብም ትነትም በሌለበት ሰዓት ፍሰቱ እንዴት እንደሚጎድል በማየት የማጠራቀሚያውን ጠባይ ታውቃለህ። ያንን ካወቅህ እኩልታውን ገልብጠህ ከፍሰቱ መጨመር ዝናቡን ታነባለህ። እዚያ እርጥብ አገር ላይ ከመለኪያዎቹ ጋር በደንብ ገጠመለት።

ግን ደራሽ ጎርፍ ሌላ እንስሳ ነው። ውሃው በአፈር ውስጥ ሳይሆን በገጽ ላይ ነው የሚሮጠው፤ ከጸጥተኛ ቀናት የተማርኸው የማጠራቀሚያ ጠባይ ለዚያች ሰዓት አይሠራም። ሌላም አለ። ዝናቡን የምታገኘው ከፍሰቱ ለውጥ ስለሆነ ስሕተቱም አብሮ ይባዛል። በዚህ ተፋሰስ ልክ አስበው፦ ማጠራቀሚያው ውሃውን በአማካይ 1.5 ሰዓት ይይዘዋል እንበል፤ በጫፉ አካባቢ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 15 ሜትር ኩብ በሴኮንድ ያህል ይለውጥ። አንዲት ማዕበል በ5 ደቂቃ ውስጥ ውሃውን 10 ሴንቲ ሜትር ብታነሣው ስሌትህ በሰዓት 23 ሚሊ ሜትር የሚወርድ የሌለ ዝናብ ይፈጥራል። በሚቀጥለው 5 ደቂቃ ማዕበሏ ስትወርድ ደግሞ ዝናቡ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ማለትም ውሃ ወደ ሰማይ ይመለሳል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህ ወይ መዝገቡን በ15 ወይም በ30 ደቂቃ ታለሰልሰዋለህ፣ ወይ ስሌቱን «ዝናብ ከዜሮ በታች አይሆንም» ብለህ ታስረዋለህ። ሁለቱንም ብታደርግ ደግሞ ይሻላል።

---

ተጠራጣሪው (ሐሙስ፣ 3፡50)

ሌላም ጨምር። ሼርማን እ.ኤ.አ. በ1932 ያመጣው የአሃድ ሃይድሮግራፍ (አንድ አሃድ ጎርፍ በጊዜ ሂደት ወንዙን እንዴት እንደሚያነሣውና እንደሚያወርደው የሚያሳይ መስመር) ሲገለበጥም ያው ችግር አለበት። እሱ ደግሞ ዝናቡ በተፋሰሱ ላይ እኩል እንደ ወረደ ይቆጥራል። እዚህ ያለው ግን እኩል እንዳልነበር መለኪያው ራሱ መስክሯል።

---

ራዳር ተመልካች (ሐሙስ፣ 5፡15)

እኔን ረሳችሁኝ። የዚያን ቀን ራዳር ይኑር አይኑር ማንም አልጠየቀም።

---

ጠብታ ቆጣሪ (ሐሙስ፣ 5፡40)

አለ! የተፋሰሱ አማካይ 72 ሚሊ ሜትር ነው የሚለው። ላይኛው ክፍል ላይ፣ 15 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን ቦታ፣ ጠንከር ያለ እምብርት ያሳያል። ታችኛው ጥግ፣ መለኪያዬ ያለበት፣ ቀለል ያለ ነው።

---

ራዳር ተመልካች (ሐሙስ፣ 6፡05)

72ቱን ተወው፤ ቅርጹን ያዝ። ራዳር የሚያየው የተመለሰለትን ሞገድ ጥንካሬ ነው፤ ያንን ወደ ዝናብ የሚቀይረው ደግሞ ቀመር ነው። በብዛት የሚጠቀሰው ማርሻልና ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጡት ነው፤ ለዝምተኛ ዝናብ የተበጀ እንጂ ለዚህ ዓይነቱ መዓት አይደለም። ተራራ ሞገዱን ይጋርደዋል፤ በረዶ ያለበት ደመና ያጋንነዋል፤ በረዶውን ለማገድ በቁጥሩ ላይ የሚደረገው ጣሪያ ደግሞ እውነተኛውን ከባድ ዝናብ ይቆርጠዋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1997 ኮሎራዶ ፎርት ኮሊንስ ከተማ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ በአንድ ምሽት ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ ራዳሩ በእጅጉ አሳንሶ ነበር ያየው። ዝናቡን በጓሯቸው የሚለኩ በጎ ፈቃደኞች መረብ በማግሥቱ ዓመት የተቋቋመው ከዚያ ጎርፍ ትምህርት ተወስዶ ነው።

ባጭሩ ራዳር ብቻውን ሲሆን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ወንዙ ስንት እንደወረደ ያውቃል፣ የት እንደወረደ ግን አያውቅም። ራዳሩ የት እንደወረደ ያውቃል፣ ስንት እንደሆነ ግን አያውቅም። አጋባቸው።

---

የወንዝ ዳር ሽማግሌ (ሐሙስ፣ 7፡30)

ጋብቻው ምስክር ያስፈልገዋል። ስሜትፖርት ያልኋችሁ ለዚህ ነበር። በፈረንሳይ ጋር አውራጃ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2002 በ24 ሰዓት ከ600 ሚሊ ሜትር በላይ በዘነበ ጊዜም ተመራማሪዎቹ መለኪያ የሌላቸውን ትንንሽ ወንዞች እየዞሩ ምልክት ለክተዋል፤ የዓይን ምስክሮችንም ጠይቀዋል። ሰው «ውሃው እዚህ የደረሰው መቼ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ደቂቃውን ባያውቅም ከምን በፊትና ከምን በኋላ እንደሆነ ያውቃል።

ልጄ፣ ወደ እምብርቱ ውጣ። ውጭ ያደረ ባልዲ፣ በርሜል፣ ገንዳ ፈልግ። ጣሪያ የሚንጠባጠብበትን አትቀበል፤ ከዛፍ ሥር ያለውን አትቀበል፤ ከዝናቡ በፊት ባዶ መሆኑን ሳታረጋግጥ አትመን። ጠርዙ ላይ የደረሰ ከሆነ ደግሞ «ቢያንስ» ብለህ ጻፍ፤ ፈስሶ ሊሆን ይችላልና።

---

ጠብታ ቆጣሪ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡20)

አገኘሁ!

አንዲት እናት ግቢ መሐል የቀለም ባልዲ ነበር፤ ከቤቱ ስድስት ሜትር ይርቃል፣ ከላዩ ምንም የለም። ከዝናቡ በፊት በነበረው ማታ ራሳቸው አጥበው አስቀምጠውታል። ውሃውን አልደፉትም ነበር፤ ከጎርፉ ማግሥት ልጃቸው ከውጭ በኩል በከሰል አስምሮበታል። ከወለሉ እስከ መስመሩ 25 ሴንቲ ሜትር።

በመጀመሪያ 250 ሚሊ ሜትር ብዬ ልዘል ነበር። ግን ባልዲው ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፦ አፉ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ወለሉ 22፣ ቁመቱም 30። ዝናቡን የተቀበለው አፉ ነው፤ ውሃው የተቀመጠው ግን ጠባቡ ውስጥ ነው። የውሃውን ይዘት አስልቼ (12.7 ሊትር ገደማ) ለአፉ ስፋት ሳካፍለው 179 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከ250 በጣም ያንሳል፤ ከ41 ግን ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

---

ቁጥር ወዳድ (ቅዳሜ፣ 11፡00)

ድንቅ ነው። አሁን ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጣቸው። በ15ቱ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 179 ወርዶ ከሆነ፣ በከርቭ ቁጥር 80 ከዚያ ብቻ 120 ሚሊ ሜትር ጎርፍ ይወጣል። ወንዙ ያወረደውን ለመሙላት ከቀረው 27 ካሬ ኪሎ ሜትር 28 ሚሊ ሜትር ጎርፍ ይበቃል፤ እሱም ወደ ዝናብ ሲመለስ 71 ገደማ ነው። አማካዩ 110 ይሆናል፤ ቅድም ዝናቡን እኩል ዘርግተን ካገኘነው 113 በጥቂቱ ያነሰ። ዝናብ አንድ ቦታ ሲከማች ያንኑ ጎርፍ ለማምጣት ጥቂት ያነሰ ውሃ ይበቃዋል፤ አፈሩ ከጠገበ በኋላ የሚወርደው አብዛኛው ይፈሳልና።

መለኪያህ ያለበት ጥግ ደግሞ ከ27ቱ ጠርዝ ላይ ስለሆነ 41 ማለቱ አያስገርምም። ምናልባት አልዋሸም፤ እግሩ ሥር የወረደውን ብቻ ነው የተናገረው።

---

ተጠራጣሪው (ቅዳሜ፣ 11፡25)

አንድ ባልዲ አንድ ባልዲ ነው። 179ኙን በ15 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ መዘርጋት ድፍረት ነው። ግን ሦስት የማይተዋወቁ ምስክሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጠቁሙ እኔም ዝም እላለሁ። ለጊዜው።

---

ጠብታ ቆጣሪ (ሰኞ፣ ጠዋት 4፡10)

ሪፖርቱን እንዲህ ጻፍሁት፦ በመለኪያ ጣቢያው 41 ሚሊ ሜትር፤ የተፋሰሱ አማካይ ከ61 ያላነሰ፤ የተሻለው ግምት 110፣ ወሰኑ ከ88 እስከ 139፤ በላይኛው ክፍል በአንድ ቦታ 179። አለቃዬ 41ን ከላይ አስቀምጠህ ሌላውን ከሥር አድርገው አለኝ። ተስማማሁ፤ ከሥሩ ያለውን የሚያነብ ሰው ይኖራል።

---

የወንዝ ዳር ሽማግሌ (ሰኞ፣ 5፡00)

ደግ አደረግህ። የጎርፉን ምልክቶች ግን በቀለም ምልክት አደረግህባቸው? የጭቃው መስመር በሚቀጥለው ዝናብ ታጥቦ ይሄዳል።

---

ጠብታ ቆጣሪ (ሰኞ፣ 5፡05)

አላደረግሁም ጋሼ። ቀለምና ብሩሽ ይዤ አሁኑኑ እወጣለሁ፤ ሰማዩ እየጠቆረ ነው።